የተቀባይዋ ስም

ቡራዩ፣ ዘፈን በፍላሽ የምንጭንበት ሱቅ ሥራ በጀመርኩበት ቀን አሠሪዬ ጋሽ ሙላት ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠኝ። «የዘፋኝ ስም የሚጻፈው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ከሆኑ በ‹እና› አያይዛቸውና እለፍ። ሹፌር ቆሞ አይጠብቅህም።»

ለዓመታት እንዳለኝ አደረግሁ። ዘፈን ተቀባዮችንማ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አንጽፋቸውም፤ አውጪው ካለ ተቀባይን ማን ይፈልጋል እንል ነበር።

ኦቦ ቶሎሳ የገፈርሳ ገበሬ ናቸው። በልጃቸው ሰርግ ላይ እሳቸው እያወጡ፣ ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ እየተቀበሉ የዘፈኑትን አመጡልኝ። አዴ ጫልቱ ካረፉ ዓመት አልሞላም ነበር። ሁለቱን ስሞች አያይዤ ጽፌ ጫንኩላቸው። ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ።

«አካም ጅርታ ልጄ። በልጄ መኪና ማጫወቻ ላይ ስሟን ፈለግሁ፤ ሂን ጅርቱ፣ የለችም። እኔ ከፊት ተጽፌ እሷ ከኋላዬ ተለጥፋለች። እዚህም ልትሞትብኝ ነው?»

ማጫወቻ ሞኝ ነው፤ በ«እና» የተያያዙ ሁለት ሰዎችን እንደ አንድ ሰው ነው የሚቆጥራቸው። ስሞቹን ለየብቻ አስገባሁና ፍላሹን የሱቁ ማጫወቻ ላይ ሰካሁት። «ጫልቱ» የሚል ስም ብቻውን ወጣ።

«ስሟን ይጫኑት» አልኳቸው።

ማጫወቻው ዝም አለ። ከዚያ አንዲት ሴት ተቀበለች፤ ማንም ሳያወጣ። እንደገና ዝምታ፣ እንደገና የእሷ ድምፅ። ጋሽ ሙላት በሩ ላይ ቆሞ «በስመ አብ!» አለ። በጠራራ ፀሐይ ፀጉሬ ቆመ።

ምክንያቱ ወዲያው ገብቶኝ ነበር። የሰርጉ ቀን ለሁለቱም የየራሳቸው ማይክ ስለተሰጣቸው የኦቦ ቶሎሳ ድምፅ በግራ፣ የባለቤታቸው በቀኝ ነው የተቀዳው። የእኛ የግራ ስፒከር ደግሞ ገመዱ ላልቷል። ቢገባኝም ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ላስተካክል ስነሣ ኦቦ ቶሎሳ እጄን ያዙኝ።

«ተወው። እኔን እየጠበቀች ነው።»

በዝምታው ውስጥ አወጡ። ተቀበለቻቸው። ደግመው አወጡ፤ ቀድማም ዘግይታም ሳይሆን ልክ ሲጨርሱ ተቀበለቻቸው።

ዘፈኑ ካለቀ በኋላም አንድ ጊዜ አወጡ። ሦስታችንም ጠበቅን።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው፦ ሁለት ሰዎች የዘፈኑትን በሁለት ስም፣ ለየብቻ ጻፉ። ተቀባዩንም ጭምር።