በእናቴ ተዝካር ላይ የመጡት ተርጓሚ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ ነው። ቀይ ሽብሩ ጋብ ብሎ፣ ሰው ግን ገና ግራ ቀኙን ሳያይ የማያወራበት ወቅት ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይሄ ግን ከነቃሉ አለ፤ ምክንያቱም በዚያ ሰሞን ከመነኩሴ እስከ ጎረቤት ያልጠረጠርኩት ሰው አልነበረም። በተፈጥሮዬም ቶሎ ሰው የማምን አይደለሁም። እናቴ በደጉ ጊዜ “አንቺ እኮ የገዛ ጥላሽን መታወቂያ የምትጠይቂ ነሽ” እያለች ትስቅብኝ ነበር።

እናቴ ወይዘሮ አስካለ አባታችን ከሞተ በኋላ፣ አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው፣ ኢየሩሳሌም ልሳለም ብላ ሄደች። በዚያው መነኮሰችና ቀረች። ቀጨኔ ያለውን ቤት ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ለታደሰ ትታልን ነበር፤ ካርታው ግን በእሷ ስም ነው። የቤቱ አዋጅ ከወጣ በኋላ የቀበሌ ሰዎች “ባለቤቷ የት አለች? ባለቤት የሌለው ቤት የመንግሥት ነው” ማለት ጀመሩ። እኛም “ዛሬ ነገ ትመጣለች” እያልን ዓመታት ገፋን።

አንድ ቀን ከኢየሩሳሌም የተመለሱ አንድ መነኩሴ ቤታችን መጡ። ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ዝም ብለው ሲቀመጡ ታደሰ መርዶ መሆኑ ገባውና ጮኸ። አባ ከቦርሳቸው አንድ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። ማኅተም አለበት፣ በዕብራይስጥ የተጻፈ ነው። “የሞት ማስረጃዋ ነው ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ” አሉኝ።

ታደሰ መሬት ላይ ሲንከባለል እኔ ወረቀቱን አገላብጬ አየሁት። አንድም የማውቀው ፊደል የለበትም። እውነቱን ለመናገር አላመንኩም። አባ ከሌላ መነኩሲት ጋር ተምታቶባቸው ቢሆንስ? ወረቀቱ የሆስፒታል ደረሰኝ ቢሆንስ? ማን አንብቦት ያውቃል? ለቅሶ ተቀመጥን፣ ጥቁር ለበስኩ፣ ከዓይኔ ግን ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። ለቀስተኞቹ “ምን ዓይነት ልብ ነው የሰጣት?” ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ድንኳኑ ሳይፈርስ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሊያጽናናን መጣ። ነፍስ ይማር ካለ በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ “እንግዲህ ወራሽነታችሁን በፍርድ ቤት ቶሎ አረጋግጡ። አለዚያ ቤቱን እንረከባለን” አለኝ። ፍርድ ቤት ስሄድ ጸሐፊው ወረቀቱን በጣቱ ጫፍ ይዞ መለሰልኝ። ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ተተርጉሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ካልመጣ ፋይል እንደማይከፍት ነገረኝ።

ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ለእንግሊዝኛው፣ ለጣልያንኛው ሞልቷል። ዕብራይስጥ ስል ግን ሰው ሁሉ ሥራ ይበዛበታል። ከእስራኤል ጋር የነበረው ግንኙነት ተቋርጧል፤ ቋንቋውን አውቃለሁ ማለት ራሱ በፈቃድ መጠርጠር ነበር። በመጨረሻ አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ አቶ ይርጋ የሚባሉ ተርጓሚ ጉለሌ መንገድ ዳር ቢሮ እንዳላቸው ነገረችኝ። በንጉሡ ጊዜ እስራኤል ሄደው ተምረዋል። “እኔ ነገርኩሽ እንዳትዪ” አለችኝ፤ ማልኩላት።

ቢሯቸው ከአንድ ጎሚስታ ቤት ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ታፔላው ላይ ከተጻፉት ቋንቋዎች አንዱ በቀለም ተድበስብሷል። ገብቼ ወረቀቱን ሳወጣ ሰውዬው አንዴ አይተውት ተነሱና በሩን ዘጉ።

“ማን ላከሽ?”

“ማንም አልላከኝም። ፍርድ ቤት ነው ያዘዘኝ።”

“ፍርድ ቤት እኔን አያውቀኝም። እዚህ ያለ ብሎ የነገረሽ ማን ነው?”

“ሰው ነው የነገረኝ።”

“ሰው ስም የለውም?”

ምዬ ነበርና የጓደኛዬን ስም አልሰጠሁም። እሳቸውም ጥያቄውን አዘነቡት። እናትሽ መቼ ሄደች? የክርስትና ስሟ ማን ነው? ወለተ ሥላሴ አልኳቸው። አጥቢያችሁ የት ነው? የንስሐ አባታችሁስ? ወንድምሽ ምን ይሠራል? ቤታችሁ በየት በኩል ነው? አንዱንም አይጽፉትም፣ ዓይን ዓይኔን ነው የሚያዩት። “ተዝካሯስ ወጣ?” አሉኝ በመጨረሻ። “የፊታችን እሁድ ነው” ካልኩ በኋላ ነው የባነንኩት። ለትርጉም ሥራ ተዝካር ምን ያደርጋል? ሰውዬው ጆሮ ጠቢ ናቸው አልኩ በልቤ።

“ወረቀቱን ትተሽልኝ ሂጂ” አሉ።

“ሌላ ቅጂ የለኝም። ቢያንስ የተቀበሉበትን ይጻፉልኝ።”

“ምንም አልጽፍም። ካልፈለግሽ ይዘሽው ሂጂ።”

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ነው ነገሩ። ሌላ ተርጓሚ ከየት አመጣለሁ? ትቼላቸው ወጣሁ።

በማግስቱ ስሄድ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። በሦስተኛው ቀንም እንደዚያው። የጎሚስታው ሰውዬ ጎማውን ትቶ ቀና አለና “አንቺ ከመጣሽ ወዲህ የሉም። ምን አርገሻቸው ነው?” አለኝ። የእናቴን ብቸኛ ማስረጃ ለማላውቀው ሰው አስረክቤ፣ ቤቱን በገዛ እጄ ለቀበሌ እንዳስረከብኩ ታወቀኝ።

ሲመሽ ቀጨኔን ሽቅብ ስወጣ ሊቀመንበሩ ቁልቁል ሲመጣ ተገናኘን። “ወረቀቱ ተተረጎመ ወይ?” አለኝ ፈገግ ብሎ። ለተርጓሚ መስጠቴን ከታደሰ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

እሁድ ተዝካሩ ደረሰ። የዕድሩ ድንኳን ተተከለ፣ ካህናቱ መጡ፣ ጠላው ወረደ። ዳቦ ይዤ ወደ ድንኳኑ ስገባ በወዲያኛው ጥግ ጋቢ የለበሰ ሰው አየሁ። አቶ ይርጋ ናቸው። አጠገባቸው የተቀመጠው ደግሞ ሊቀመንበሩ!

ዳቦውን ለሰው አስያዝኩና ታደሰን ጎትቼ ወደ ጓዳ ወሰድኩት። “ያ ሰውዬ ነው። ሊቀመንበሩ ጎን ነው የተቀመጠው” አልኩት። ታደሰ በለቅሶ የደከመ ቢሆንም “አንገቱን ይዤ ነው የማስወጣው!” ብሎ ተነሳ። የንስሐ አባታችን መምሬ ይህን ሰምተው በሩ ላይ ቆሙ።

“እንዴ! የተዝካር ቤት በር ይዘጋል እንዴ? ያልተጠራም ይመጣል፣ ነዳይም ይመጣል። የመጣው ሁሉ የእናታችሁ እንግዳ ነው። በይ አቅርቢለት” አሉኝ።

አቀረብኩላቸው። “ነፍስ ይማር” አሉና ጥቂት ቀመሱ። ዓይናቸው ግን ምግቡ ላይ አልነበረም። ካህናቱን ያያሉ፣ ምሰሶ ተደግፎ የሚያለቅሰውን ታደሰን ያያሉ፣ ደግሞ ወደ እኔ ይመለሳሉ። ጸሎቱ ሲያልቅ ለማንም ሳይናገሩ ወጡ።

ሰኞ ወረቀቴን ተናንቄም ቢሆን ልቀበል ቆርጬ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነበር። የእናቴ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ጎኑ በአማርኛ የተተየበ ገጽ አለ።

“ቁጭ በይ” አሉኝ። ድምፃቸው የመጀመሪያው ቀን ድምፅ አልነበረም። “አምና አንዲት ሴት እንዳንቺ ጥቁር ለብሳ መጣች። እናቴ ኢየሩሳሌም ሞተችብኝ ብላ እዚሁ ተንሰቀሰቀች። አዘንኩና ተረጎምኩላት። ሳምንት ሳይሞላ ከጽዮናውያን ጋር ትጻጻፋለህ ተብዬ ታሰርኩ። ያቺ ሞተች የተባለችው እናት እስከ ዛሬ ገበያ ትወጣለች። ሰሞኑን ቢሮዬን የዘጋሁትም አንቺን ፈርቼ ነው።”

“እኔም እንደዚያች ሴት መሰልኩዎት?”

“አንቺማ ብሰሽ ተገኘሽ። እሷ እንኳ አልቅሳለች።”

እውነታቸውን ነው።

“ትናንት ግን ካህናቱ ወለተ ሥላሴ እያሉ ሲጸልዩ ሰማሁ። ወንድምሽንም አየሁት። ተዝካር ደግሶ የሚሰልል እስካሁን አልገጠመኝም” አሉና መነጽራቸውን አደረጉ። “ማኅተም ሳልመታ አነብልሻለሁ፤ የሥራው ደንብ ነው። አንድ በአንድ ትክክል በዪኝ።”

አንድ ጣታቸው በዕብራይስጡ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፣ አፋቸው በአማርኛ ያነባል።

“የሟች ስም፣ አስካለ።”

“ትክክል።”

“የአባት ስም፣ ወልደ ጊዮርጊስ።”

“ትክክል።”

“የትውልድ አገር፣ ኢትዮጵያ።”

“ትክክል።”

“የሞተችበት ቦታ፣ ኢየሩሳሌም።”

ይሄኛውን ግን ትክክል ማለት አቃተኝ። አባ ሲነግሩኝ፣ ድንኳን ሲተከል፣ ካህናት ሲጸልዩ ያላመንኩት ነገር በዚያች ክፍል ውስጥ ደረቴን መታኝ። ወረቀቱ ሌላ ነገር ይላል ብዬ ስጠብቅ መክረሜን ያወቅሁት ያኔ ነው። እናቴን በስሟ እየጠራሁ አለቀስኩ። ጎሚስታ ቤት ያለው የመዶሻ ድምፅ ቆመ።

አቶ ይርጋ አይዞሽም አላሉኝ። ማኅተሙን እንደያዙ ጠበቁ። ጋብ ሲልልኝ “ትክክል ነው ወይ? ካላልሽ አልመታም” አሉኝ።

“ትክክል ነው” አልኩ።

ማኅተሙን መቱት።

ፍርድ ቤቱ ወራሽነታችንን አጸደቀ፣ ቤቱም ከእጃችን አልወጣም። ወረቀቱን ለተርጓሚ መስጠቴን ለሊቀመንበሩ የነገረው የገዛ ወንድሜ ታደሰ መሆኑን ቆይቼ ሰማሁ፤ ሐዘን እንኳ አፉን አላሰረለትም። ሊቀመንበሩ በተዝካሩ ከአቶ ይርጋ ጎን መቀመጡ ግን እንዲያው ግጥምጥሞሽ ነበር። ታደሰ ዛሬም ልጆቹን የሚያሳድገው እዚያው ቤት ነው። አቶ ይርጋን ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሳገኛቸው አንገት እንኳ ሳንነቀንቅ እንተላለፍ ነበር። ለሁለታችንም የሚበጀው እሱ ነበር።

የሞት ወረቀት ለመተርጎም ተዝካር ድረስ ሄዶ ማጣራት የሚያስፈልግበትን ያን ጊዜ ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በሰውዬው ግን ቅር ብሎኝ አያውቅም። የእናትሽን መርዶ ማን ነገረሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲኖር የማነሳው አባን አይደለም። አቶ ይርጋ ናቸው የነገሩኝ እላለሁ።