የቀጋው ሻይ ዝቃጭ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ያኔ ስምንት ዓመት የሆናት ልጃችን፣ እና ቀጋውን ያሳዩን ጎረቤታችን፣ በዕድሜ የገፉ የአሪ ብሔረሰብ እናት።

ቀጋ የዱር ጽጌረዳ ነው። ከጂንካ በላይ ባለው ደጋ አጥር ዳር ይበቅላል። ፍሬው ሲቀላ ጎረቤታችን ልጄን ይዘው ይለቅሙ ነበር። እያንዳንዱን ፍሬ ከፍለው፣ ውስጡን በጥፍራቸው ጠርገው፣ ሥጋውን ብቻ ያበሏት ነበር።

እኔ ይህን እንደ ብክነት አየሁት። አናጢነትንም ንባብንም ያለ አስተማሪ ስለተማርኩ ሌላውንም የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ፍሬው ከነዘሩ ደርቆ እንዲወቀጥና ለሻይ እንዲፈላ አዘዝኩ።

«ጋሼ፣ ውስጡ ጸጉር አለው። ጉሮሮ ይበላል» አሉኝ።

መጽሐፍ ላይ መድኃኒት ነው ይላል ብዬ መለስኩላቸው። መጽሐፉ ስለ ዘሩ ያለው ነገር አልነበረም።

በቤታችን ደንብ የመጀመሪያው ስኒ የእኔ ነው፣ ቀጥሎ የባለቤቴ፣ የመጨረሻው የልጄ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ልጄ ታስል፣ አንገቷን ታክ ጀመር። በጎረቤታችን ፊት «ጉሮሮሽ ሳይሆን ስንፍናሽ ነው። ጨርሺ» አልኳት። ጨረሰች። ጎረቤታችን ተነሥተው ወጡ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቆይቼ ስመጣ እነሱ ጠጥተው ነበር፤ ባለቤቴ የተረፈውን ቀዳችልኝ። ሁለት ጊዜ እንደተጎነጨሁ ጉሮሮዬን እንደ መርፌ ወጋኝ። እንባዬ እስኪፈስ ሳልኩ።

«የልጄ አባት፣ ይሄስ ጉሮሮ ነው ወይስ ስንፍና?» አለች ባለቤቴ።

ልጄ አልሳቀችም። ውኃ አመጣችልኝ።

ስኒውን ወደ ብርሃን ባዘነብለው ሥሩ በደቃቅ ጸጉር ተሞልቷል። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ የጠጣሁት ከላይ የጠራውን ነበር። ዱቄቱን ጉድጓድ ከተትኩት። ይቅርታ ግን አልጠየቅኩም፤ አባት ልጁን ይቅርታ ከጠየቀ ቤት ይፈርሳል እል ነበር።

ዛሬ ልጄ ዲመካ ከተማ መምህርት ናት። ስደውልላት «ደህና ነኝ አባዬ» ትለኛለች። አምና ሳምንት ሙሉ በወባ ተኝታ እንደነበር የሰማሁት ከዳነች በኋላ ከእናቷ ነው። ባለቤቴም አውቃ ደብቃኝ ነበር። ጎረቤታችን እስኪሞቱ ድረስ ደጃችንን አልረገጡም። የአንድ በጋ ሻይ ለአራታችን ያስከፈለን ይህን ነው።