የአቶ ጉተማ ፈቃዶች

ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፹፫ ዓ.ም.። እኔ ብዙነህ ኢተፋ ቱሉ፣ የናዝሬት ከተማ ነዋሪ፣ በባቡር ጣቢያው ጭነት መዛኝ ሆኜ አገልግዬ አሁን በጡረታ ላይ የምገኝ ሰው፣ የጎረቤቴን የአቶ ጉተማ ነጋሳን ታሪክ በገዛ እጄ ጽፌአለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም። ሆኖም ዕድሜዬን ሙሉ «ይህ ጆንያ ቀላል ነው» የሚሉኝን ሰዎች ሳላምን ሚዛን ላይ ሳወጣ የኖርሁ በመሆኔ፣ ከሰው አፍ የሰማሁትንና በዓይኔ ያየሁትን ለይቼ መናገር እችላለሁ።

አቶ ጉተማ ንግድ የጀመሩት በዓሣ ነው። የቆቃ ግድብ ተሠርቶ ውሃው ከተኛ በኋላ፣ ዓሣውን በእርጥብ ሣር ጠቅልለው በብስክሌት ናዝሬት ድረስ እያመጡ ለሆቴሎች ያስረክቡ ነበር። በዚያን ጊዜ የሰፈሩ ድመት ሁሉ ያውቃቸው ነበር። ከዓሣው ባገኙት አቦምሳ ላይ የእህል ወፍጮ ተከሉ፤ ከወፍጮው ባገኙት ካሚዮን ገዙ። ካሚዮኑ ቡልቡላ ሲያድር ሾፌሩ የሚበላው አጣ ተብሎ በዚያው መንገድ ዳር ምግብ ቤት ተከፈተ። ዱቄቱም ገዢ እስኪመጣ መቀመጥ የለበትም ተብሎ እዚሁ ናዝሬት፣ ከእኔ አጥር ጋር ተያይዞ፣ ዳቦ ቤት ቆመ።

ስለ ዳቦ ቤቱ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ምድጃው የተሠራው የአቶ ጉተማ ባለቤት ወይዘሮ ዘርፉ የአንገት ወርቃቸውን ሸጠው ነው። ሊጡን ሲያስቦኩ የሚውሉት፣ ሠራተኛ የሚቀጥሩትም የሚያሰናብቱትም እሳቸው ነበሩ። አቶ ጉተማ ከአቦምሳ ሲመለሱ ከጋሪ ይወርዱና በሩ ላይ ቆመው «ዳቦዬ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ወይዘሮ ዘርፉም «ዳቦህ ደኅና ነው» ይሏቸው ነበር። ልጅ አልወለዱም፤ ሲጣሉም ሰምቼ አላውቅም። አጥራችን ደግሞ ቀጭን ነው።

ታኅሣሥ ፲፱፻፷፰ ዓ.ም. አንድ ሰው ከአንድ በላይ የንግድ ፈቃድ እንዳይኖረው የሚያዝ አዋጅ ወጣ። አቶ ጉተማ አምስቱን ፈቃዶቻቸውን ይዘው ንግድ ጽሕፈት ቤት ቢቀርቡ፣ ሹሙ ወረቀቶቹን አገላብጦ «ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ነዎት?» ብሎ ጠየቃቸው ይባላል። ባልና ሚስትም እንደ አንድ ሰው እንደሚቆጠሩ አስረዳቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህ ነገር በሠርግ ላይ ብቻ የሚነገር ይመስለኝ ነበር።

አቶ ጉተማ ካሚዮኑን ሸጡ፤ ዓሣውን ለአጥማጆች ማኅበር፣ ምግብ ቤቱን ለዝንብ ተዉ። ወፍጮውንና ዳቦ ቤቱን ግን ሊለዩ አልቻሉም። ሁለቱን ለማትረፍ ሁለት ሰው መሆን ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ እሳቸውና ወይዘሮ ዘርፉ መከሩ፤ ፍቺው ለወረቀት፣ ኑሮው እንደ ቀድሞው እንዲሆን ተስማሙ። የፊቱ በር ለቀበሌው ሲባል ይዘጋል፤ የጓሮው በር ለአቶ ጉተማ ክፍት ይሆናል። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በጊዜው ግን ሳይጣሉ የኖሩ ሰዎች የአዋጁ ቀለም ሳይደርቅ ለፍቺ መቅረባቸው አላማረኝም።

ፍቺ ያን ጊዜ የሚታየው በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር። እኔና አቶ ሱሩር የተባሉ የቆዳ ነጋዴ ከሌሎች ጋር ተመርጠን በእኔ ቤት ተቀመጥን።

«ምን በደሉዎት?» ብዬ ወይዘሮ ዘርፉን ጠየቅኋቸው።

«ያንኮራፋል።»

አቶ ሱሩር ጢማቸውን ዳበሱ። «እትዬ ዘርፉ፣ ይህ ጥፋት ከሆነ እኔ ይህን ጊዜ ብቻዬን እኖር ነበር» አሉ።

«ያኮርፋልም።»

«ተኝቶ ነው ወይስ ነቅቶ?» አሉ አቶ ሱሩር።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እኔ አልሳቅሁም። «ይህ ለፍቺ አይበቃም» አልሁ። «አቶ ጉተማ፣ እውነተኛ ጠብ ከሌላችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ። ፊርማዬን ለቀልድ አልሰጥም።»

አቶ ጉተማ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ወፍጮውን አሰቡ መሰለኝ። ከዚያም በድንገት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እንግዲህ ካስጨነቃችሁኝ ልናገር!» አሉ። «ይህች ሴት ያለ እኔ አንድ ሊጥ ማስነሣት አትችልም። ዳቦ ቤቱ ማለት እኔ ነኝ። እሷ እዚያ የተቀመጠችው ለደንቡ ነው።»

ወይዘሮ ዘርፉ ነጠላቸውን አስተካክለው ባላቸውን ትክ ብለው አዩና «ድገመው» አሉ።

አቶ ጉተማ ሚስታቸው እያገዟቸው መሰላቸው። ብድግ ብለው፣ በእጃቸውም ጭምር እያስረዱ፣ ከመጀመሪያው አስበልጠው ደገሙት። «ለደንቡ! እንደ ግድግዳ ሰዓት!» የሚልም ጨመሩበት። ሲጨርሱ ሥራውን በሚገባ እንደ ፈጸመ ሰው ዙሪያችንን ቃኝተው ተቀመጡ።

ወይዘሮ ዘርፉ ወደ እኔ ዞሩ። «አሁን ይፈርሙ» አሉኝ። ጠብ መኖሩን በዓይኔ አይቻለሁና ፈረምሁ።

በዚያው ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዶሮዎቼን ስሰበስብ ከአጥሩ ማዶ የጓሮ በር ሲንኳኳ ሰማሁ።

«ዘርፌ፣ ክፈቺ እንጂ፣ እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«ጉተማ ነኛ!»

«አቶ ጉተማ፣ የተፋታ ሰው በጓሮ አይገባም። ቀበሌ ቢያይ ፈቃድዎን ይነጥቅዎታል።»

አቶ ጉተማ «እውነትሽን ነው፤ ጎበዝ!» ብለው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ዘርፉ ለአቶ ጉተማ «አንተ» ማለትን ትተው «እርስዎ» ማለት ያዙ። አቶ ጉተማም ይህን ጥንቃቄ በየደረሱበት ሲያደንቁ ኖሩ። እንዲህ ያለ ብልኅ ሴት የለችም ይሉ ነበር። በዚህ አልተሳሳቱም።

ዓመታት አለፉ። የአቦምሳው ወፍጮ ለገበሬዎች ማኅበር እንዲሆን ተፈለገ፤ ስብሰባ ተጠርቶ ተጨበጨበ፤ አቶ ጉተማም «በፈቃዳቸው አስረከቡ» ተባለ። ሲመጡ «በእርግጥ በፈቃድዎ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አቶ ብዙነህ፣» አሉኝ፣ «ብዙ ፈቃድ አውጥቼ አውቃለሁ። ያኛውን ግን ማን እንዳወጣልኝ አላውቅም።»

ወፍጮው ሲታመም ድምፁን ለይተው የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ማኅበሩ በደመወዝ ቀጠራቸው። እንዲህ ሆኖ የራሳቸው የነበረው ሞተር አሠሪያቸው ሆነ። በዚህ በኩል የፉርኖ ዱቄት በኮታ የሚሰጥበት ዘመን መጣ። ወይዘሮ ዘርፉ ዱቄቱ ሲያጥር በቆሎ እየቀላቀሉ፣ እንጨት ሲጠፋ የቡና ገለባ እያነደዱ፣ አንድም ቀን ሳይዘጉ ዘለቁ። ሰልፉ እስከ እኔ በር ይደርስ ነበር። ሊጡ ያለ አቶ ጉተማ ተነሣ ማለት ነው።

መጋቢት ፲፱፻፹፪ ዓ.ም. መንግሥት ንግድን እንደገና መፍቀዱ በሬዲዮ ተነገረ። አቶ ጉተማ ሽበታቸውን ተላጭተው ናዝሬት ገቡና ብዙም ሳይቆዩ የዓሣ፣ የጭነትና የወፍጮ ፈቃድ አወጡ። ከዚያም እኔ ቤት መጡ።

«አካም ቡልተን፣ አቶ ብዙነህ! ፈቃዱ ሞልቷል። የቀረኝ ወደ ቤቴ መግባት ብቻ ነው» አሉ። የወረቀቱን ፍቺ ነገርም ያን ቀን ነገሩኝ። በፊርማዬ መቀለዳቸው አስቆጣኝ፤ ቢሆንም ሽምግልና እምቢ አይባልምና ከአቶ ሱሩር ጋር ሄድሁ።

ወይዘሮ ዘርፉ ዳቦና ሻይ አቀረቡልን። አቶ ሱሩር ጉሮሯቸውን ጠርገው «እትዬ፣ ያ ሁሉ ለአዋጁ ተብሎ የተደረገ ነበር። አዋጁ ይኸው ተነሣ» አሉ።

«ሰምቻለሁ። ሊጥም ይነሣል። ያለ እሳቸው ሲነሣ ቆየ።»

አቶ ጉተማ ከወንበራቸው ጫፍ ደረሱ። «ዘርፌ! እሱን እኮ ለሽማግሌዎቹ ብዬ ነው የተናገርሁት!»

«የመጀመሪያውን ለሽማግሌዎቹ ብለው ነው። ሁለተኛውንስ?»

«አንቺው ድገመው አልሽኛ!»

«ሁለተኛ ለመናገር ያፍራሉ ብዬ ነበር።»

አቶ ሱሩር ሻያቸውን መመልከት ጀመሩ። ወይዘሮ ዘርፉ ተጨማሪ ዳቦ ቆርሰው በአቶ ጉተማ ፊት አኖሩና «ስንት ፈቃድ አወጡ?» ብለው በትሕትና ጠየቁ።

«ሦስት። አራተኛው ዳቦ ቤቱ…»

«አራተኛው የእኔ ፈቃድ ነው። እሱን የሚያወጣ ጽሕፈት ቤት የለም።»

ነገሩ በዚህ ተዘጋ። አቶ ጉተማ ዛሬ ዓሣም ያስጭናሉ፤ የአቦምሳውን ትተው እዚሁ ሌላ ወፍጮ ተክለዋል። ጠዋት ጠዋት ግን ከሰው ጋር ተሰልፈው ከወይዘሮ ዘርፉ እጅ አንድ ዳቦ ይገዛሉ።

እኔ በዚህ ሰልፍ ላይ ጥርጣሬ አደረብኝ። የአቶ ጉተማ ተራ ሲደርስ ወይዘሮ ዘርፉ ከፊት ያለውን ትተው ከኋላ ካለው መደብ ሲያነሡ ከአንዴም በላይ አየሁ። የሚያነሡላቸው ተለቅ ያለውን ነው አልሁ፤ እንዲያ ከሆነ ፍቺው ዛሬም የወረቀት ነው ማለት ነው። ስለዚህ ባለፈው ሐሙስ ከአቶ ጉተማ ቀጥዬ ተሰለፍሁና ዳቦዬን ተቀበልሁ። ከዚያም ዳቧቸውን ይዘው ከእኔ ጋር ወደ ሰፈራችን ባለሱቅ ወደ መሐመድዘይን እንዲመጡ ጠየቅኋቸው። ምክንያቱን ስነግራቸው ከእኔ ቀድመው መንገድ ጀመሩ።

መሐመድዘይን ስኳር የሚመዝንበትን ሚዛን እየወለወለ «አቶ ብዙነህ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ አላሉኝም ነበር?» አለ። የአቶ ጉተማን ዳቦ በአንዱ ሳሕን፣ የእኔን በሌላው አኖረ። አቶ ጉተማ አንገታቸውን አስግገው ይመለከቱ ነበር። ሳሕኖቹ ጥቂት ተወዛውዘው ቆሙ።

«ድገመው» አሉት አቶ ጉተማ።

መሐመድዘይን ዳቦዎቹን አዘዋውሮ ደገመው። እኔም ጎንበስ ብዬ የሚዛኑን ምላስ አየሁ። ሁለቱ ዳቦዎች እኩል ናቸው።