ተቀምጦ መሳለም

እኔ በሩን መቆለፌን ለማረጋገጥ ከመንገድ የምመለስ ሰው ነኝ። እናቴ በዚህ ጸባዬ ስትስቅብኝ ኖራለች። ጣና ላይ ወዳለች አንዲት ትንሽ ደሴት እንሂድ ስትለኝ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥዬ ፈራሁ። ደብረ ማርቆስ ተወልዶ ያደገ ሰው ከሐይቅ ጋር ምን አገናኘው? እኛ የምናውቀው ክረምት ላይ የጨሞጋ ወንዝ ሲሞላ ዳር ቆሞ እስኪጎድል መጠበቅን ነው። ዋና የሚችል አንድ ዘመድ የለኝም።

እምቢ እንዳልል ደግሞ ስለቱ የተሳለው ለእኔ ነው። ታምሜ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለ እናቴ «ልጄን አንሺልኝ እንጂ ጥላ ይዤ ደሴትሽ ድረስ እመጣለሁ» ብላ ለማርያም ተስላለች። ዳንኩ። ከዚያ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ስልኩ ሲጠፋ ሲመጣ፣ ስለቱ ሳይገባ ከረመ። እናቴ እንቅልፍ አጣች። የተሳሉትን ማስቀረት ምን እንደሚያመጣ እያሰበች፣ ትንሽ ባሳለኝ ቁጥር ትክ ብላ ታየኝ ጀመር። መጨረሻ ላይ እሺ ያሰኘኝ ያ አስተያየቷ ነው።

መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ሰሞን ተነሳን። የእናቴን የደም ግፊት ኪኒን፣ መታወቂያችንን፣ ድንገት ብናድር ብዬ ጋቢና በሶ ያዝኩ፤ ስልኬንም በፌስታል ጠቀለልኩት። አውቶቡሱ ውስጥ ጨዋታ አልነበረም። ኬላ በደረስን ቁጥር ሰዉ ሁሉ ዝም ይልና፣ ካለፍን በኋላም ዝምታው አብሮን ይጓዛል። ሁሉም የሚፈራው መንገዱን ነበር፤ እኔ ደግሞ ከመንገዱ በኋላ ያለውን።

ባሕር ዳር እንደደረስን ውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ብርቱካናማ ጃኬት ሁለት ገዛሁ። አንዱን እናቴን አልብሼ ማሰሪያውን ሳጠብቅ ራሷን ቁልቁል አየችና ሳቀች።

«የመንገድ ሠራተኛ አስመሰልሽኝ እኮ! ማርያም እንዲህ ሆኜ ብታየኝ ታውቀኛለች?»

«ታውቅሻለች። ዝም ብለሽ ልበሽው።»

ጀልባዋን የሞሏት እንደ እኛ ነጭ የለበሱ የደጋ ሰዎች ነበሩ። ባለጀልባው ጋ የነበሩት ጃኬቶች ስፖንጃቸው የወጣ አሮጌዎች ናቸው፤ ሰዉም እርጥቡ አግዳሚ ላይ አንጥፎ ተቀመጠባቸው። ከጎናችን ከደብረ ኤልያስ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ፤ እሱ ሸምገል ያለ ዝምተኛ፣ እሷ ጨዋታ አዋቂ። ገና ሳንግባባ ዳቦ ቆሎ ዘግና በእናቴ እጅ ላይ አደረገች። ባለጀልባው ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ወደ እኛ ዞረ።

«አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ምንም ብታዩ ማንም እንዳይነሳ» አለ።

ሁላችንም እሺ አልን። እኔ በሰዉ እሺታ አልረካሁም፤ እናቴን ለብቻዋ «ማርያምን በይ» ብዬ አስማልኳት። እየሳቀች ማለችልኝ።

እኛ አገር ሰው በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲያልፍ ሳይሳለም አያልፍም፤ በእግሩ ከሆነ ቆሞ፣ በበቅሎ ከሆነ ወርዶ። ይህን ማንም አስቦበት አያደርገውም። ደሴቲቱ ቀርባ የጉልላቱ መስቀል ከዛፎቹ መሃል በስተግራ ብልጭ ሲል፣ ጀልባ ሙሉ ሰው ባንድ ጊዜ ብድግ ብሎ ወደ ግራ እጅ ነሳ። ጀልባዋ ተዘነበለች። ውኃው በጠርዙ አልፎ እግራችን ሥር ገባ። ባለጀልባው «ቁጭ በሉ! ቁጭ!» እያለ ይጮሃል። እኔም ሳላስበው ቆሜያለሁ፤ እናቴ ብቻ አልተነሳችም። አግዳሚውን ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ታለቅሳለች። ሰዉ ደንግጦ ሲቀመጥ ጀልባዋ ተቃናች፤ የቀረውን መንገድ በጣሳ ውኃ እየቀዳን ጨረስነው። ከወረድን በኋላ ሁሉም «ማርያም አተረፈችን» ተባባለና ነገሩ በዚያው ተረሳ።

እናቴ ጥላውን አስገባች፤ ፊቷ ግን አልፈታ አለ።

«ሁሉም ሲነሳላት እኔ ቁጭ ብዬ አየኋት» አለችኝ። «ልትሳለሚኝ ነው ወይስ ነፍስሽን ልትጠብቂ ነው የመጣሽው ብትለኝ ምን እመልሳለሁ?»

ያስማልኳት እኔ ነኝ፤ ደግሞም እንኳን አስማልኳት እያልኩ ነበር።

ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሳ። ሐይቁ ጠዋት ያየነው አልመስል አለ፤ ጠቆረ። ባለጀልባው ሳይብስ እንሂድ እያለ ያጣድፋል። እናቴ አድራ፣ ነገ ቆማ ተሳልማ ካልሆነ ንቅንቅ እንደማትል ተናገረች። ደስ አለኝ። ጃኬቷን አውልቃ ለደብረ ኤልያሷ ሴት አለበሰቻትና በገዛ እጇ ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችላት። እኔም የእኔን ለባሏ ሰጠሁት።

«አባባ፣ ይልበሱት እንጂ።»

«ተይ ልጄ፣ ማርያምን ይዤ!» አለና አጥፎ እርጥቡ አግዳሚ ላይ ተቀመጠበት።

መሳለም ለመጣ ሰው ብቻ እንዳልሆነ፣ የሚሄድም ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ተሰናብቶ እንደሚሄድ እኔ አጥቼው አይደለም። ግን ያን ሁሉ ነገር ያሰብኩ ሰው፣ ትዝ ያለኝ ጀልባዋ ዞራ ጎኗን ስትሰጠን ነው። ነጩ ሁሉ ብድግ አለ። ፊታቸውን ወደ እኛ፣ ከኋላችን ወዳለው ቤተ ክርስቲያን አዞሩ። እናቴ በዕድሜዋ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰግድን ሰው ተው ብላ አታውቅም። ያን ቀን ከነቀሚሷ ውኃ ውስጥ ገብታ «ቁጭ በሉ! ስለ ማርያም ቁጭ በሉ!» እያለች ጮኸች።

ማዕበሉ ከወዲያኛው ጎን መታት። ጀልባዋ የጠዋቱን ያህል ዕድል አላገኘችም፤ ተገለበጠች።

የደሴቲቱ ሰዎች በታንኳ ወጡ። ብዙዎቹን አወጡ። ቀድማ ዳር የደረሰችው የደብረ ኤልያሷ ሴት ናት። ለባሏ የሰጠሁት ጃኬትም ማሰሪያው እንደተፈታ ብቻውን ተንሳፍፎ መጣ። እሱ አልመጣም።

እናቴ የራሷን ቋጠሮ ልትፈታላት ትታገላለች፤ ገመዱ ርሶ አልፈታ ብሏል። ሴትዮዋ ዓይኗን ከሐይቁ አልነቀለችም።

«ሲጮኹ ሰምተናል፣ እትዬ» አለች። «እጁን ይዤ ጎተትኩት። ‹ቁጭ ብዬ እንዴት እሰናበታታለሁ?› አለኝ።»