የእትዬ ዘመነች መኪና ለምርመራ ስትቀርብ

መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው ጽሑፉ ነው። ኮልፌ ውስጥ መኪና ያለው ሰው የኋላ መስተዋቱ ላይ አንድ ነገር ሳይለጥፍ አይቀርም፤ ጸሎት ወይም ምስጋና፣ አንዳንዴም ፉከራ። የእትዬ ዘመነች ያረጀች ነጭ መኪና ግን በነጭ ቀለም፣ በተንጋደደ የእጅ ጽሑፍ፣ «ሲገፉኝ እሄዳለሁ» ትላለች። ለሰፈሩ አዲስ ነበርኩና ብዙ የተገፋ ሰው እሮሮ መሰለኝ። እንዴት ያለ ስንኝ ነው እያልኩ ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

እትዬ ዘመነች በመስኮቱ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«ምን ትገተሪያለሽ? ማንበብ አትችዪም እንዴ? ግፊ!»

ገፋሁ። ዳቦ ይዞ የሚያልፍ ሰውም ገፋ። ጎረቤታችን ፓስተር ጌድዮንም ከነከረባታቸው መጥተው ገፉ። መኪናዋ ተንገጫገጨች፣ አስነጠሰች፣ ከዚያ ቁልቁል ሄደች።

«ፓስተርም እንዳንቺው ተሸውደው ነበር» አሉኝ እትዬ ዘመነች ማታ ሲመለሱ። «ጽሑፉን አይተው ‹አሜን› አሉ። አሜን ያለ ይገፋል አልኳቸው።»

የመኪናዋ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ከቆመ ቆይቷል፤ መቁጠር የሰለቸው ይመስላል። ከእትዬ ዘመነች በፊት ማን ማን እንደነዳት የሚያውቅ የለም። እሳቸው ግን የሚነዷት ለቆጮ ነው። ወላጆቻቸው ከደቡብ ምዕራብ መጥተው ኮልፌ ከሰፈሩ ጀምሮ የቤተሰቡ ሥራ ቆጮ ተረክቦ በጦር ኃይሎች ዙሪያ ላሉ ክትፎ ቤቶች ማድረስ ነው። ቆጮ ደግሞ ሽታ አለው። የሚኒባስ ረዳት ገና ጭነቱን ከሩቅ ሲያይ «እማማ፣ በሌላ!» ብሎ በሩን ይስባል። መኪናዋ ከሌለች ሥራውም የለም።

ባለፈው ሳምንት የዓመቱ ምርመራ ደረሰ። ካላለፈች ቦሎ አይለጠፍላትም፤ ያለ ቦሎ ደግሞ መንገድ መውጣት አትችልም። ታናሽ ወንድማቸው መሸሻ ይህንን ሲጠብቅ ኖሮ ዱባለ የሚባል ሰው ይዞ መጣ። ዱባለ አሮጌ መኪና ገዝቶ፣ ፈታትቶ፣ ዕቃውን ይሸጣል።

«እትዬ፣ ይቺ መኪና እኮ ከሞተች ቆየች። ይውሰዳትና ተገላገይ» አለ መሸሻ።

«የሞተ ነገር ቆጮ ተሸክሞ ጦር ኃይሎች ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ?»

ዱባለ አፍንጫውን ይዞ መኪናዋን ዞራት። «ሽታው ራሱ አይለቅም፣ እናቴ።»

«አይለቅም። እኔም አልለቅም። መጀመሪያ ምርመራውን ትውደቅ፣ ያኔ እንነጋገራለን።»

በማግስቱ አብሬያቸው ሄድኩ። ሰፈሩ ገፍቶ ሸኘን። የምርመራው ግቢ ደርሰን ሰልፍ ስንይዝ እትዬ ዘመነች ሞተሩን አላጠፉም። ከፊታችን የቆመ ሾፌር ዘወር ብሎ «እማማ፣ ቤንዚን ያቃጥላሉ እኮ! ያጥፉት እንጂ» አለ።

«ትሙቅበት። ብርድ አትወድም።»

ፍሬኑ ታየ፤ አለፈ። መብራቱና ፍሬቻው ታየ፤ አለፈ። እትዬ ዘመነች በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ይኼኔ መርማሪው ጎንበስ ብሎ በትህትና «እናቴ፣ አንዴ ያጥፉና ያስነሱልኝ» አለ።

«አምና አጥፊ አልተባልኩም።»

«ዘንድሮ ይባላል።»

አጠፉ። ቁልፉን አዞሩ። ቀጭ ብላ ዝም አለች። እንደገና አዞሩ። ግቢው ሜዳ ነው፤ ቁልቁለት የለውም። ከኋላችን ያለው ሾፌር መስተዋቱን አንብቦ በሳቅ ፈረሰ። «ተናግራለች እኮ! ምን አድርጊ ትሏታላችሁ?»

መርማሪው አልሳቀም። «ሞተሪኖዋ ነው፣ ማስነሻዋ። እዚህ በግፊ አይነሳም። ሳንዘጋ አሠርተው ከመጡ ያለ ሰልፍ አስገባዎታለሁ።»

ገፍተን ከግቢው ውጭ አቆምናት። ስልካቸው ጮኸ። የመሸሻ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል።

«ወደቀች አይደል? ዱባለ እዚህ አጠገቤ ነው።»

«ማን ወደቀ? ቀጠሮ ነው የተሰጣት።»

ስልኩን ዘጉ። ከኋላ የማዳበሪያ ጆንያ አውጥተው አነጠፉ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው መፍቻ ይዘው ከሥር ገቡ። እኔ ከውጭ የማየው ጫማቸውን ብቻ ነው። አንዱ ብሎን እምቢ ሲል የሚወርደውን እርግማን እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ክብደቱ የሚያስታውቅ፣ ቅባት የጠጣውን ሞተሪኖ ታቅፈው ወጡ። ጉንጫቸው ላይ ጥቁር ቅባት አለ። እኔ ግን እንደዚያ ያማረ ፊት ያየሁ አልመሰለኝም።

«እኔ ልያዘው፣ እትዬ?»

«አንቺ መኪናዋን ያዥ። ዱባለ ከመጣ በሩን እንዳትከፍቺለት።»

«ካልተሠራስ?»

«ሳይሠራ አልመለስም።»

ብረቱን በጆንያው ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ አወጡ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጠበቁ። «የት ነው የሚያሠሩት?» ብዬ ከኋላ ጮህኩ። ዘወር አላሉም። ነፃውን እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው፣ የሚመጣውን ሚኒባስ በዚያው እጅ አስቁመው፣ በፊቱ አስፋልቱን ተሻገሩና በዳገቱ በእግራቸው ሄዱ።