የሥርጉት ተራ

ከዘጌ የሚመጡትን ጀልባዎች ስታዩ፣ ግራጫ ድመት ከፊት ተቀምጣ የምታዛጋባት ጀልባ ካለች እሷ የሥርጉት ናት። እንግዶች ፎቶ ያነሷታል። ድመቷ እዚያ እንዴት እንደወጣች ግን እኔን ካልጠየቃችሁ ማንም በወጉ አይነግራችሁም።

አካሉ እባላለሁ። ባሕር ዳር ጣና ዳር የጀልባ ተራ አስከባሪ ነኝ። መናኸሪያ ያሉት ተራ አስከባሪዎች አውቶቡስ ያሰልፋሉ፣ እኔ ጀልባ አሰልፋለሁ፤ የምንሰማው ስድብ ግን አንድ ነው። በእኛ ማኅበር ጭነት መምረጥ የለም። ተራህ ሲደርስ የመጣልህን ትጭናለህ፤ ሲሚንቶም ይሁን ሙሽራ፣ ዘጌም ይሁን ገዳም። መራጭ ከሆንህ ከሰልፉ ትወጣለህ። ሥርጉትን ልታስቀራት የነበረችው ይቺው ሕግ ናት።

አባቷ ጋሽ ምሥጋና ከሁላችንም በፊት ጣና ላይ ሞተር የነዱ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም መሪውን ለልጃቸው ሰጥተው ከጎኗ ይቀመጡ ጀመር። «ወደ ግራ» ሲሏት እሷ ቀድማ ዞራለች። ይህን ስንት ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። ዓይናቸው ጨርሶ ሲጠፋ ግን ሥርጉት ብቻዋን ልትነዳ ማኅበሩን ጠየቀች።

ሊቀ መንበራችን አዘዘ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግትር ነው እንጂ። «የገዳሙ ተራ ሲደርሳትስ?» አለ። እውነቱን ነው፣ ከምናመላልስባቸው ደሴቶች አንዱ ሴት የማይረግጠው ገዳም ነው፤ እንስት የተባለ እንስሳ እንኳ አይገባበትም። «ጭነቱን ማን ሊያወርድላት ነው? ተራ ደግሞ አይመረጥም። ደግሞስ ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ።»

«አንተስ መቼ አውርደህ ታውቃለህ? ከጀልባህ ሳትነሣ መነኮሳቱ አይደሉ የሚሸከሙልህ?» አልሁት።

ተቆጣ። ነገሩ ከጥምቀት በኋላ በስብሰባ ይወሰን ተባለ፤ ጀልባዋም እስከዚያ ታስራ ቆመች። ይህን የሰማ አንድ ባለሎጅ ልግዛት ብሎ መጣ። ጋሽ ምሥጋና ወደቡ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጠው አሰቡ አሰቡና፣ «ስብሰባው እንቢ ካላት ትሸጥ፤ ሥራ ፈታ ስትበሰብስ አልሰማም» አሉ። ሥርጉት ግን በየጠዋቱ እየመጣች ከማትሄደው ጀልባ ውስጥ ውኃ ትጨልፋለች፣ ሞተሩን ትወለውላለች። አንጀቴን ትበላው ነበር።

በዚህ መሐል የገዳሙ መጋቢ አባ ፍሬ ስብሐት ደወሉ። አይጥ እህሉን ጨርሶ ብራና መቀርጠፍ ጀምሯል። «ደኅና ድመት ላኩልን። ወንድ ይሁን፤ ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ» አሉ።

አዘዘ ለገዳም ሥራ ማንም እንዲቀድመው አይወድም። ዓሣ ከሚጸዳበት ቦታ የማይጠፋ አንድ ግራጫ ድመት ነበር፤ የዓሣ አንጀት እየበላ ሆዱ ተንዘርጥጧል። «ይህ ወጠምሻ አይጥ ቀርቶ ከርከሮ ይይዛል» አለ። ዓሣ የምታጸዳው ሸዋዬ «ጋሽ አዘዘ፣ ለመሆኑ አይተውታል?» ብትለው፣ «ወንድነቱ ከፊቱ ያስታውቃል» ብሎ በጆንያ ከተተውና ራሱ ወስዶ አስረከበ። በአባ ተባርኮ ሲመለስ ደረቱ ተነፍቶ ነበር።

ጥምቀት ሳይደርስ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አዘዘ ሞተሩን ፈታትቶ እጁ ግራሶ በግራሶ ሆኖ ሳለ ስልኩ ጮኸ። «አካሉ፣ ክፈትልኝ» አለኝ። ሁሉም እንዲሰማው አድርጌ ከፈትሁት። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ አላሳልፍም።

«አዘዘ» አሉ አባ ፍሬ ስብሐት፣ ረጋ ብለው። «ያመጣህልን ድመት ወልዳለች። ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ እህሉ ጆንያ ላይ።»

አዘዘ ግራሶውን ፊቱ ላይ አሸው። «ይፍቱኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ። በል ከነልጆቿ ዛሬውኑ አውጣልን።»

«የእኔ ሞተር ተፈትቷል፣ ሌሎቹ ሐይቅ ላይ ናቸው። ያለችው የሥርጉት ጀልባ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ሴት ናት አባ፣ እንዴት አድርጋ ወደ ገዳም...»

አባ አላስጨረሱትም። «ልጄ፣ ውኃው ሴት አይከለክልም። ጀልባዋ ላይ ትቆይ፤ ድሮም የምንሸከመው እኛ ነን። ሴት ዕቃ ቤት ድረስ ያስገባኸው አንተ ነህ።»

ሸዋዬ ቢላዋዋን ጥላ ሳቀች። እኔማ ሆዴን ይዤ ቁጭ አልሁ። ሥርጉት ብቻ አልሳቀችም። የምትጨልፍበትን ጣሳ እንደያዘች ቀና አለችና፣ «ጋሽ አዘዘ፣ ለዛሬ ብቻ ከሆነ አልሄድም። በተራዬ ከተጠራሁ ግን እሄዳለሁ» አለችው።

አዘዘ አያት፤ ወዲያው ዋርካው ሥር የተቀመጡትን አባቷን አየ። ጋሽ ምሥጋና በትራቸውን ጨብጠው አገጫቸውን ወደ እኛ አዙረዋል። ከዚያ እሱም ሳቁ መጣበት። «አካሉ፣ ምን ትጠብቃለህ? ተረኛ ጥራ እንጂ። የስብሰባውን እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«ተረኛ ሥርጉት» ብዬ ጠራሁ። ከአጠገቤ ነበረች፤ እኔ ግን መናኸሪያ ድረስ እስኪሰማ ነው የጠራሁት።

ገመዱን ፈታች፣ ሞተሩም በአንድ ጊዜ ተነሣ። ጋሽ ምሥጋና ብድግ ብለው ድምፁ ወደ ደሴቱ ርቆ እስኪጠፋ ቆመው አዳመጡ። «ነዳጁን አበዛችበት፤ ስንት ጊዜ ነግሬያት» እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ፊታቸው ግን በርቷል። ድምፁ ሲጠፋ በእጃቸው ዳብሰው ተቀመጡና ጠሩኝ።

«አካሉ፣ ለዚያ ባለሎጅ ደውልልኝ።»

«ምን ልበለው?»

«ሥራ ላይ ናት በለው።»