ሐመልማልና ቀዩ ሳቲን

ቅናት ነው ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ነው! እኔ ይመኙሽ እዚሁ ጎንደር ተወልጄ፣ ቅዳሜ ገበያ የስፌት መኪና ላይ ጎብጬ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ትናንት ከኮላ ድባ የመጣች ሐመልማል የምትባል ልጅ ከጎኔ ሱቅ ከፍታ ደንበኞቼን ስትወስድብኝ እንዴት አልቅና?

መልኳ እንኳ ይህን ያህል አይደለም። ከሰው ይልቅ ከጨርቅ ጋር የምታወራው ይበዛል። ባሏ ሰሊጥ ሊያጭድ ሳንጃ ወርዶ በዚያው ሌላ አግብቶ ቀረ አሉ። እሷ ግን አንድ ቀን ስታማርር አልሰማኋትም። ይህም ያናድደኛል። ሰው እንዴት ትንሽ እንኳ አያለቅስም?

ዘንድሮ ለጥምቀት ሰሞን የድሮ ነገሥታትን አለባበስ የሚያሳይ ትርኢት ተዘጋጀ። አዘጋጁ ጋሽ ህሩይ ቀይ ሳቲን ለክተው አመጡና የንጉሡን ካባ ለሐመልማል፣ የንግሥቲቱን ለእኔ ሰጡ።

"ሥራዋ ላማረላት የከርሞውን በሙሉ ለእሷ ነው የምሰጠው" አሉን።

ሳቲን ታውቃላችሁ? ዓሣ ነው! በመቀስ ስትሉት ይሸሻል፣ በስፒል ስትይዙት ይሸበሸባል፣ መርፌው ሥር ሲገባ የላዩ ወደ ቀኝ የታቹ ወደ ግራ። ሰፍቼ ፈታሁ፣ ደግሜ ሰፍቼ ፈታሁ። ከግድግዳው ወዲያ የእሷ መኪና ሳያቋርጥ ይንጣጣል። 

በጓሮ በኩል አጮልቄ አየኋት። ሳቲኑን ተልባ በተዘፈዘፈበት የሚዝለገለግ ውሃ ነክራ ታደርቀዋለች፤ እንደ ወረቀት ቀጥ ይልላታል። ከሰፋች በኋላ ታጥበዋለች። ለካ ምስጢሯ ይኼ ነው!

የገና ጾም ስለሆነ ቤቴ ተቆልቶ የተወቀጠ ተልባ ሞልቷል። በጠበጥኩና የካባውን የፊት ጨርቅ ቀባሁት። ሲደርቅ ካውያ አሳረፍኩበት። ወይ አበሳዬ! የተቆላ ተልባ ዘይት እንደሚያወጣ የማላውቅ ሆኜ ነው? ቅናት አሳወረኝ እንጂ! ደረቱ ላይ እድፉ ተንሰራፋ፤ ባጥበው ባጥበው አልለቅ አለ። ትርፍ ጨርቅ ደግሞ የለም።

ለቅሶዬን ሰምታ ሐመልማል ገባች። ጨርቁን አንስታ አሸተተችው። አሁን ትስቅብኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

"እትዬ፣ ተልባው እኮ ጥሬውን ነው፣ ሳይወቀጥ" አለች። "ምነው ቢጠይቁኝ?"

ጨርቁን አስቀምጣ ወጣች። ከሱቋ የመቀስ ድምፅ ሰማሁ። ስትመለስ ንጹሕ ቀይ ሳቲን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች። የንጉሡን ካባ ከታች ቆርጣው ነው።

"ይኼ ይበቃዎታል" አለችና አብራኝ ቁጭ ብላ ሰፋች። አመሰገንኳት ብል ውሸት ነው። 

የትርኢቱ ቀን ንግሥቲቱ ስትወጣ እልልታው ቀለጠ። ጋሽ ህሩይ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው፣ "የከርሞው ያንቺ ነው!" አሉኝ። ቀጥሎ ንጉሥ የሆነው ልጅ ወጣ። ካባው ከጉልበቱ ትንሽ ወርዶ ቀርቷል። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ።

ጋሽ ህሩይ ፊታቸው ተለዋወጠ። "አንቺ ሐመልማል፣ ምን ነካሽ? ጨርቁን ለክቼ አልነበር የሰጠሁሽ?"

አጠገቤ ቆማለች። ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም።

"አጥፍቻለሁ፣ አያ ህሩይ" አለች። "ስቆርጠው ሸሸብኝ።"

ቅናቱ ያን ጊዜ ባሰብኝ። እኔ ብሆን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ነበር የማጋልጣት።

ጋሽ ህሩይ ትተዋት ወደ እኔ ዞሩ። "ያንቺን እጅ ግን እግዜር ይባርከው።"

"አሜን" አልኩ።